የማጥመጃ ሣጥንህና በከንቱ የጠረጠርኩት ሰው

አባዬ፣ የኔ ጌታ፤

ከሄድክ ክረምቱ ገብቶ ወጣ፣ መስቀልም አለፈ፤ ይኸው ኅዳር ገባ። ሙት ዓመትህ ሊደርስ ሁለት ወር ቀረው። ይህን ሁሉ ጊዜ አንዲት መስመር ያልጻፍኩልህ ረስቼህ እንዳይመስልህ። ተናድጄ ነው። መጀመሪያ በጓደኛህ በኦቦ ገመቹ ተናደድኩ፣ ቀጥሎ በአንተ፣ አሁን ደግሞ በራሴ። ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ግን ምስጢርህን በሰው ፊት ስላወጣሁብህ ነው። ከሌላ ከምትሰማው ከእኔ ስማው ብዬ ነው። እስከ መጨረሻው ስማኝ፤ ከዚያ ትቆጣለህ።

ቤቱ ደህና ነው። የግቢውን በር ቀለም አሳደስኩት፤ አንተ የማትወደውን ሰማያዊ ነው ያስቀባሁት፣ ወንድሜ ሰለሞን ከሱሉልታ በመጣ ቁጥር ፖሊስ ጣቢያ አስመሰልሽው እያለ ይስቅብኛል። ድመትህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሩ ሥር ትጎለታለች። የዓሣ ጭንቅላት የሚያመጣልሽ ሰው የለም ብዬ ስንቴ ነገርኳት፣ አትሰማም። እኔም ያው ነኝ። እዚያው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በር ላይ ቆሜ ከፈረቃ የሚወጡትን ሴቶች እፈትሻለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከጡት መያዣ ውስጥ ክር፣ ከምሳ ዕቃ ሥር ጨርቅ ሳወጣ ኖሬ ሥራው ጠባይ ሆኖብኛል። አንተም ምሳ ላይ ወጡን በማንኪያ ሳገላብጥ በሰማህ ቁጥር፣ «ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር» እያልክ ታሾፍብኝ ነበር። አሁን ሳስበው «ባየህ ቁጥር» ማለት አልችልም። ወደዚያ እመጣለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በተቀበርክ በሦስተኛው ቀን ነው። ኦቦ ገመቹ የዓሣ ማጥመጃ ሣጥንህን በፌስታል ጠቅልለው ይዘው መጡ። ከአንተ ጋር አንድ ማሽን ላይ ያረጁት፣ ጡረታ ሲወጡ ቡራዩ ልጃቸው ቤት የገቡት፣ የሰበታ እድራችንን ግን ያልለቀቁት ኦቦ ገመቹ። ሣጥኑን አልጋህ ሥር አስቀመጡና ባርኔጣቸውን አውልቀው አለቀሱ። ሰው ሁሉ ከሳቸው ጋር አለቀሰ። እኔ ግን፣ አፈር ስሆን አትፍረድብኝ፣ እንባዬን እየጠረግኩ የማስበው ሌላ ነበር። ይህ ሣጥን እሳቸው ዘንድ ምን ይሠራል? አባቴ ለሰው የማያስነካው ዕቃ እንዴት ቡራዩ አደረ?

ያ ሣጥን ከየት እንደመጣ አንተም እኔም እናውቃለን፤ ግን ማውራቱ ደስ ስለሚለኝ እንደገና ልበለው። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ ፋብሪካው ውስጥ ማሽን ሊተክል የመጣ ፈረንጅ ነበር። ሊሄድ ሲል ሣጥኑን ከነዘንጉ ትቶልህ ሄደ። ስትከፍተው በየክፍሉ የጎማ እንቁራሪት፣ የጎማ ትል፣ ሆዱ የሚያብለጨልጭ የብረት ዓሣ፣ እንደ ስፌት መርፌ የቀጠኑ መንጠቆዎች፣ ሲዞር እንደ ንብ የሚያንጎራጉር የክር ማጠንጠኛ። እማዬ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ እንቁራሪቱን አይታ ጮኻ ወጣች። አንተ ግን ቅዳሜ እስኪደርስ እንቅልፍ አልነበረህም።

ቡራዩ ከላይ ያለው የድሮ የድንጋይ ካባ፣ ድንጋይ ወጥቶበት ወጥቶበት ጉድጓዱ ውሃ የሞላው፣ የኛ ሐይቅ ነበር። እዚያ አፋፍ ላይ አስቀምጠኸኝ ያስተማርከኝን እስከ ዛሬ እንደ ዳዊት እደግመዋለሁ። ይህ ሁሉ ዕቃ ባስ ለሚባል የአሜሪካ ዓሣ ነው የተሠራው፤ እኛ ዘንድ ባስ የለም፤ ግን አምባዛም እንደሱ ነው፣ ቄጠማ ሥር አድፍጦ ነው የሚበላው አልከኝ። ስለዚህ መሀል ውሃ ላይ መወርወር ድካም ነው፤ ቄጠማው ጠርዝ ላይ ነው። ውሃው ሲጠራ ቀጭን ክር፣ ሲደፈርስ ወፍራም። የመንጠቆውን ጫፍ አውራ ጣት ጥፍርህ ላይ ታስነካዋለህ፤ ከተንሸራተተ ደንዟል፣ ጭረት ካወጣ ስል ነው። ትልቅ መንጠቆ የሰነፍ ነው ትል ነበር። ከዚያ ወርውሪ፣ እስኪሰምጥ አምስት ቁጠሪ፣ ሳብ ሳብ አድርጊና ተይው። ዓሣ የሚነክሰው ስትስቢ ሳይሆን ስትተይው ነው። እኔ ደግሞ መተው መች አውቅበታለሁ! እስበው ነበር፣ እስበው ነበር፣ ባዶ መንጠቆ ይዤ እመለስ ነበር፤ አንተም በኔ እንደሳቅክ ሰበታ እንደርስ ነበር።

እንግዲህ ለቀስተኛው ሲቀል ሣጥኑን ከፈትኩት። እንዴ! አባዬ፣ ሥራዬ ፍተሻ ነውና ዕቃ ሲለወጥ ይገባኛል። ቀጫጭኖቹ መንጠቆዎች አንድም የሉም። በምትካቸው እንደ በሬ ቀንድ የጎበጡ፣ ቀዳዳቸው ጣት የሚያሳልፍ የሚመስል ትልልቅ መንጠቆዎች። ክሩ እንደ ሲባጎ የወፈረ። ማጠንጠኛው የለም። የቡሽ ተንሳፋፊዎችህ የሉም፤ የበግ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ትንሽዬ ቃጭል ግን አለ። ቃጭል ለዓሣ ምኑ ነው? ከሁሉ የባሰው ደግሞ ቋጠሮው። ያንተን ቋጠሮ ከሺህ ቋጠሮ መሀል እለየዋለሁ፤ አምስት ጊዜ ጠምዝዘህ በምራቅህ አርጥበህ ነው የምታጠብቀው። ሣጥኑ ውስጥ ያሉት ሁሉ በሌላ ሰው እጅ የታሰሩ፣ ደብልብል ያሉ የገበሬ ቋጠሮዎች ነበሩ። የፈረንጁ ዘንግም ከሁለት ዓመት በፊት ጠፍቶ በሸንበቆ መተካቱ ትዝ አለኝ። ያኔ ስጠይቅህ ተሰበረ ብለኸኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ምን ልበልህ። ልቤ ፈረደ። ሽማግሌው ያንተን ምርጥ ምርጡን ለራሳቸው አስቀርተው ቆሻሻ ሞልተው አመጡልኝ አልኩ። ያለፈው ሁሉ በዚያ ዓይን ይታየኝ ጀመር። ቅዳሜ በጠዋት ከቡራዩ ድረስ ሊወስዱህ የሚመጡት ለካ ለኔ ፍርፍር ነው። ከአንተ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚወጡት ለካ ለማባበል ነው። እግዜር ያሳይህ፣ ሁለት ሽማግሌ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲሄዱ በኛ አገር ማን ልብ ይላል? የወደደ ጓደኛ እንዲህ ነው የሚሄደው። እኔ ብቻ ነበርኩ ከኋላ ቆሜ በክፉ የማያችሁ።

በአርባህ ቀን፣ ዳሱ ሰው ሞልቶት ሳለ፣ ተናገርኩ። ኦቦ ገመቹ የአባቴ ማጠንጠኛ የት ገባ፣ ቀጫጭኖቹ መንጠቆዎችስ አልኩ፤ ድምፄን ዝቅ እንኳ አላደረግኩም። ሰዉ ጉርሻውን ይዞ ቀረ። እሳቸው አንገታቸውን ደፉ። እንደ ሁልጊዜው «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ» ብለው ጀመሩና ተዉት። ከፊታቸው ያለውን እንጀራ ሳይነኩ ባርኔጣቸውን አንስተው ወጡ። የሚከራከር ሰው ቢሆን ኖሮ ፍርዴን እጠራጠር ነበር። ዝም ያለ ግን ወይ ንጹሕ ነው ወይ ሌባ፤ እኔ ሌባውን ያዝኩ።

ወሬ መቼ ባለበት ይቆማል። እድሩ ዕቃ ቤት ሁለት ብረት ድስት ጎድሎ ነበር፤ እሱም የገመቹ ሥራ ሆነ። የዱሮ ሰዓት የጠፋበት ሰው እንኳ ትዝ አለው። ኦቦ ገመቹ አርባ ዓመት የኖሩበት ሰፈር ድርሽ ማለት ተዉ። ሰለሞን ደውሎ ለጎማ እንቁራሪት ብለሽ ሽማግሌ አታዋርጂ ቢለኝ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ከዚያ አንዷ የሥራ ባልደረባዬ፣ ቡራዩ ያገባችው፣ ሰውዬው አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ካባው ዘንድ ሲወርዱ አያቸዋለሁ አለችኝ። በቃ፣ በአባቴ ማጠንጠኛ እያጠመዱ ነው አልኩ። እጅ ከፍንጅ ልይዛቸው ፈረቃ ቀይሬ፣ ሦስት ታክሲ ቀይሬ፣ ባለፈው ጥቅምት አንድ ቅዳሜ ማለዳ ሄድኩ።

ከልጅነቴ ወዲህ እግሬ አልረገጠውም ነበር። ባሕር ዛፉ በዝቷል፤ ከበላዩ ቤት ተሠርቶበታል። ኦቦ ገመቹ ገና አልመጡም። ወደ ውሃው ልወርድ ስል አንድ የቃጫ ገመድ ወገቤ ላይ ያዘኝ። ከመንገዱ ዳር ካለው ግንድ ይነሳና ከባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ እየታሰረ እስከ ታች አፋፉ ድረስ ይወርዳል። አሃ! አልኩ። በዚህ አገር ገመድ የተዘረጋበት ቦታ ነገ አጥር ነው፤ ከነገ ወዲያ ካርታ ነው። ሽማግሌው መሬት ሊያጥሩ ነው! ስልኬን አውጥቼ እያንዳንዱን ግንድ ፎቶ አነሳሁ። ቋጠሮዎቹን ቀረብ ብዬ ሳይ ሣጥንህ ውስጥ ያሉት ናቸው፤ ደብልብሎቹ፣ የሳቸው እጅ። ማስረጃ ተገኘ ብዬ ደስ አለኝ፣ አባዬ። ደስ አለኝ እኮ።

እዚያው አጠገብ ሣር የምታጭድ ሴት ነበረች። አካም ቡልቴ ተባብለን፣ ይህን ቦታ ማን ነው ያጠረው አልኳት። ሳቀች። አጥር አይደለም፣ የጃርሳ ጃማው መንገድ ነው አለችኝ። ሰበታ ተወልጄ ኦሮምኛ ልትጠፋኝ አይደለም፤ የሰማሁትን በደንብ ሰምቻለሁ። ግን የየትኛው ብዬ ደግሜ ጠየቅኳት። በአማርኛ፣ ለማያውቅ ሰው እንደሚነገር ቀስ አድርጋ ነገረችኝ። የዓይነ ስውሩ ሽማግሌ፤ ሸንበቆውን ይዞ፣ በግራ እጁ ገመዱን እየዳሰሰ ብቻውን የሚወርደው፤ ጓደኛው ከኋላ ሣጥን ተሸክሞ የሚከተለው። ዘንድሮ አልመጣም፣ ሞተ መሰለኝ አለች። ዓይኑ ባያይም ቃጭሉ ሲያንቃጭል ከሁሉ ቀድሞ እሱ ነበር የሚስበው አለች።

የት እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ገመዱን ይዤ ነበር። ብዙ እጅ እንደነካው ዕቃ ልስልስ ብሏል። ዓይኔን ጨፍኜ ልውረድበት ሞከርኩ፤ ሦስት እርምጃ ሄጄ ፈርቼ ገለጥኩት።

አባዬ፣ እኔ እኮ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ባለበት ሰበታ ያደግኩ ነኝ። ነጭ በትር የያዙ ተማሪዎች ታክሲ ሲጠብቁ እጃቸውን ይዤ ያሻገርኩ፣ ዓይነ ስውር እንዴት እንደሚራመድ ከማንም በላይ አውቃለሁ የምል። አንተ ግን በትር አልያዝክም፤ ሸንበቆ ያዝክ። ወደ ሱቅ ሸንበቆ፣ ወደ ለቅሶ ሸንበቆ። ቤተ ክርስቲያን ይዘኸው ስትወጣ፣ ሚካኤልን ልታጠምደው ነው ወይ ብዬ በሰው ፊት ቀለድኩብህ፤ ሰፈሩም ሽማግሌው በዓሣ አበደ ብሎ ሳቀ። አንተም አብረህ ሳቅክ። የሸንበቆው ወፍራም ጫፍ ተፈግፍጎ እንዳለቀ ያየሁት ከካባው ተመልሼ ነው። በር ጥግ ቆሞ ነበር፤ ዘጠኝ ወር ሙሉ አጠገቡ ሳልፍ ነበር።

በማግስቱ እሑድ ሰለሞንን ከሱሉልታ አስመጥቼ ኦቦ ገመቹ ቤት ሄድን። በር ላይ ተንበርክኬ እግራቸውን ልይዝ ስል ክንዴን ይዘው አነሱኝ። ግቢ፣ ሰው ያየናል አሉ። ያን ያህል ያዋረድኳቸው ሰው ለኔ መዋረድ ተጨነቁ። ከዚያ ቀስ እያሉ፣ አማርኛውን ከኦሮምኛው እያደባለቁ፣ ሁሉንም አወጡት። ዓይንህ ከዳር ወደ መሀል እየጠበበ እንደመጣ። አብራችሁ ሐኪም ዘንድ እንደሄዳችሁ፣ የጠፋው አይመለስም እንደተባላችሁ። ቀጫጭኖቹ መንጠቆዎች ጣትህን ሲበሱት በቁጣ ራስህ ወደ ውሃ እንደበተንካቸው። ቀዳዳው ሰፊ የሆነ በዳሰሳ ክር ስለሚገባለት እሳቸው ፈልገው እንዳመጡልህ፣ በየሳምንቱም አስቀድመው አስረው እንደሚጠብቁህ። አንድ ቀን አፋፉን ስተህ ልትወድቅ ስትል የፈረንጁ ዘንግ ከነማጠንጠኛው ከእጅህ አምልጦ ካባው ውስጥ እንደቀረ። ገመዱን የዘረጉት በማግስቱ ነው። እኔ እጅህን እይዝሃለሁ ቢሉህ፣ በሰው መንገድ ላይ ያዘኝ፣ ወደ ውሃው ግን ብቻዬን ልውረድ አልካቸው አሉ። አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሄዱት ገመዱን ሊፈቱ ነው። ይሄዳሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ሳይፈቱት ይመለሳሉ።

ለምን ለእኔ አልነገረኝም ብዬ ጠየቅኋቸው። ባልጠየቅኳቸው። ልጄ ካወቀች ታስቀምጠኛለች ብለህ ነበር አሉ። የራሷን ጥላ የምትጠራጠር ልጅ ናት፣ ዕውር መሆኔን ካወቀች ከበር አታስወጣኝም፣ ማልልኝ ብለሃቸው ምለውልሃል።

ልከራከርህ አልችልም። አስቀምጥህ ነበር። በሩን ቆልፌ ቁልፉን ይዤ ፈረቃዬ እሄድ ነበር፤ ለሱ ብዬ ነው እያልኩም ለጎረቤት አወራ ነበር። በርጩማውን ማን አንቀሳቀሰው ብለህ ስትቆጣ እርጅና ነው ያልኩ እኔ ነኝ። ሳፋው ላይ የተደናቀፍክ ቀን፣ ዓይንህን የት ጥለኸው ነው ብዬ የጮህኩብህ እኔ ነኝ። ለፋሲካ አረንጓዴ ቀሚስ ለብሼ ብወጣ ቀዩ ያምርብሻል ስትለኝ፣ ይሄ ሰውዬ መቼም ቀልዱ አያልቅበት ብዬ ሳቅኩ። ያ ሁሉ ከፊቴ ነበር። ከሰው ጡት መያዣ ውስጥ ክር የማወጣ ሴት፣ ያባቴን ዓይን ሁለት ዓመት ሙሉ ሳልፈትሽ አለፍኩ።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ምስጢርህ ምስጢር ሆኖ ይቀር ነበር። ኦቦ ገመቹም የለመኑኝ ይህንኑ ነው። ይቅር ብዬሻለሁ፤ ግን ስሜን ላጽዳ ብለሽ የሱን ጉድ እንዳታወጪ፣ መሐላዬ እንዳለ ነው አሉኝ። ስማቸው ግን ድስት ሌባ ተብሎ ሰበታ ውስጥ ይዞራል። እኔ ነኝ የጀመርኩት። ተሳስቼ ነው ብዬ ብቻ ብናገር ማን ያምነኛል? ምን አግኝታ ነው የተለሳለሰችው ይላሉ፤ እኔም በነሱ ቦታ ብሆን እንዲያ ነው የምለው። ሦስት ሳምንት ተብሰለሰልኩ። ያንተ ክብር ወይስ የሳቸው ስም። አንተን ከእንግዲህ ማንም ከበር አይከለክልህም፣ አባዬ። እሳቸው ግን ገና በሰው መሀል ይኖራሉ።

ስለዚህ ባለፈው እሑድ እድሩ ሲሰበሰብ ተነስቼ ቆምኩ። አባቴ ዓይነ ስውር ነበር፣ እኔ አላወቅኩም፣ ኦቦ ገመቹ ዓይኑ ሆነው ኖሩ፣ እኔም ሌባ አልኳቸው አልኩ። ቃጭሉንና መንጠቆዎቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ለምን እንደተመረጡ አንድ በአንድ አስረዳሁ፤ ያስተማርከኝ ጠቀመኝ። ከዚያ አንዷ ጎረቤታችን፣ አንተ ሰላም ስላላልካት ኮራብኝ ብላ ሁለት ዓመት ያኮረፈችህ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ማልቀስ ጀመረች። ድስቶቹም እዚያው ዕቃ ቤት ከድንኳኑ ሥር ተገኙ፣ ወይ ጉድ በል። በዚያው ቀን አምስት ሰው ተመርጦ ኦቦ ገመቹን ከቡራዩ ሊያመጣ ሄደ። መጡ። ከእኔ ጋር ግን እስካሁን አይነጋገሩም፤ መሐላዬን አስፈረስሽኝ ብለው ነው። እሱን እኔ እችለዋለሁ።

አንተም ከተቆጣህ ተቆጣ። ይገባኛል። እኔ ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነሥቶኛል፤ ኦቦ ገመቹንም ብጠይቅ የሚያውቁት አይደለም። ፊቴን ለመጨረሻ ጊዜ ያየኸው መቼ ነው? ያን ቀን ምን እያደረግኩ ነበር? እየሳቅኩ ነበር ወይስ ከፈረቃ ገብቼ ግንባሬን ቋጥሬ የሰው ነገር እያወራሁ? አውቀህ ነው ያየኸኝ፣ ወይስ ነገም አያታለሁ ብለህ ዓይንህን መለስክ? በየቀኑ ወደኋላ እየሄድኩ እፈልገዋለሁ። አንዱን ቀን አነሳና ይሄ ይሆን እላለሁ፣ ደግሞ እጥለዋለሁ።

አላገኘሁትም፤ የማገኘውም አይመስለኝም። የትኛው እንደሆነ ስለማላውቅ፣ አብረን ከኖርንባቸው ቀናት አንዱንም አልረሳም።

ልጅህ